ጥያቄና መልስ፦ «ፕላዝማው» ከየት መጣ?

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሦስት የተራራቁ ቦታዎች የተላኩ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ኮምፒውተርና መሰሎቹ ወደ ትምህርት ቤት ስለገቡበት መንገድ ስለሆነ አንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል። «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፣ የፊዚክስ መምህር፦

«የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተከታተልሁት በፕላዝማ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ደግሞ እኔው መምህር ሆኛለሁ። ስለ ቁስ አካል ሁኔታዎች ሳስተምር ተማሪዎቼ ‹ታላላቆቻችን ፕላዝማ የሚሉት ይኸ ነው ወይ?› ብለው ይጠይቁኛል። ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ሲለዩ ጋዙ ፕላዝማ እንደሚሆን አስረዳቸዋለሁ፤ ነገሩ ከትምህርት ቤት ጋር እንዴት እንደተገናኘ ግን አጥጋቢ መልስ የለኝም። ስሙ ከየት መጣ? ዕቃውስ መጀመሪያ የተሠራው ለምን ነበር?»

መልስ፦ የተማሪዎችዎ ግምት ልክ ነው፤ ታላላቆቻቸው ፕላዝማ የሚሉትና እርስዎ በክፍል የሚያስተምሩት አንድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ሲጀመር በየክፍሉ የተሰቀለው ሰፊ ጠፍጣፋ ስክሪን በፕላዝማ የሚሠራ ዓይነት ነበር። የዕቃው ስም ወደ ትምህርቱ ተሻገረና «የፕላዝማ ክፍለ ጊዜ»፣ «የፕላዝማ መምህር» ማለት ተለመደ። ይህ ዓይነቱ ስክሪን ከዚያ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ሲፈለሰፍ ግን የታሰበው ለፊልም ወይም ለኳስ ጨዋታ ሳይሆን፣ እንዲያው በቀጥታ ለተማሪ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ህዋ ካመጠቀች በኋላ አሜሪካ በሳይንስ ትምህርት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ብላ ሠጋች፤ ለትምህርት የሚውለው የምርምር ገንዘብም በረከተ። በዚያ ሰሞን፣ በ1960፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በዩኒቨርሲቲው ግዙፍ ኮምፒውተር በኢሊያክ ላይ ተማሪ የሚያስተምር ሥርዓት ሠራ፤ ስሙንም «ፕላቶ» አሉት። የመጀመሪያው ፕላቶ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚችለው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። አሠራሩም ይህን ይመስላል፦ ማሽኑ ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪው በቁልፍ ሰሌዳ መልሱን ይጽፋል፣ ማሽኑ ልክ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል፤ ተማሪው ከተቸገረ የእርዳታ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ማብራሪያ ይሄዳል፣ ሲገባው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተማሪው እስኪመልስ ድረስ ማሽኑ አይነቃነቅም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

ሥርዓቱን ለብዙ ተማሪ ለማዳረስ ሲታሰብ እንቅፋት የሆነው ስክሪኑ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው የቴሌቪዥን ቱቦ ምስሉን ይዞ ማቆየት ስለማይችል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እንደገና መሣል ነበረበት፤ ለዚህም የእያንዳንዱን ተማሪ ምስል የሚያስቀምጥ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ያስፈልግ ነበር፤ የማኅደረ ትውስታ ዋጋ ደግሞ እጅግ ውድ ነበር። በ1964 ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶውና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ዊልሰን መፍትሔውን በራሱ በመስታወቱ ውስጥ አገኙት። በሁለት መስታወቶች መካከል ጋዝ ያዙና በአንደኛው ላይ በቁመት፣ በሌላው ላይ በአግድም ቀጫጭን ማስተላለፊያዎች ዘረጉ። ሁለት ማስተላለፊያዎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በቂ ቮልቴጅ ሲደርስ ጋዙ ወደ ፕላዝማነት ይለወጥና ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ለፊዚክስ መምህር ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ ጋዙ ሲበራ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ቻርጅ ይጠራቀማል፤ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ አቅጣጫውን ሲቀይር ያ የተጠራቀመ ቻርጅ ስለሚያግዘው ነጥቡን በርቶ ለማቆየት መጀመሪያ ለማብራት ካስፈለገው ያነሰ ቮልቴጅ ይበቃል። አንዴ የበራ ነጥብ አጥፋ እስኪባል እንደበራ ይቆያል ማለት ነው። መስታወቱ ራሱ ማኅደረ ትውስታ ሆነ፤ ወጪውም ቀነሰ። ይህን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ቢሠሩላቸው ተማሪዎችዎ አቅም ያዥንም (ካፓሲተርንም) አብረው የሚረዱ ይመስለኛል።

በ1972 ሥራ የጀመረው አራተኛው ፕላቶ በእያንዳንዱ ስክሪኑ 512 በ512 ነጥቦች ነበሩት፤ ተማሪው በጣቱ ነክቶ መልስ መስጠትም ይችል ነበር። በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ተርሚናሎች በስልክ መስመር ከአንድ ማዕከል ጋር ተገናኝተው ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ እስከ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ በየስልካችን የምንጻጻፍበት ዓይነት የጽሑፍ ውይይትም በ1973 በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነበረ። ሆኖም ፕላቶን ለገበያ ያቀረበው ኮንትሮል ዳታ ኩባንያ ዋጋውን ትምህርት ቤቶች ሊደርሱበት ወደሚችሉት ማውረድ ሳይችል ቀረ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አነስተኛ የግል ኮምፒውተሮች ሲመጡም ገበያውን ወሰዱበት። ስክሪኑ ግን ተረፈ፤ ቀለም ተጨመረለት፣ ሰፋ፣ ቴሌቪዥን ሆነ። ሦስቱ ፈልሳፊዎች በ2002 የኤሚ ሽልማት የተሰጣቸው ለትምህርት ሥራቸው ሳይሆን ለቴሌቪዥን ባደረጉት አስተዋጽኦ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛው ክፍል ስንመለስ፣ ስክሪኑ ከፕላቶ ቢወለድም በእርሱ ላይ የታየው ትምህርት የመጣው ከሌላ የዘር ሐረግ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ያ ሐረግ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ሐረግ ነው። በ1961 በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ዲሲ-6 አውሮፕላን በኢንዲያና ሰማይ ላይ እየዞረ በዙሪያው ላሉ ክፍለ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት ያሠራጭ ነበር፤ በ1964 ደግሞ በአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች ዋናው ትምህርት ከስቱዲዮ እንዲሰጥና የክፍሉ መምህር እንዲያግዝ ተደረገ። የእኛም ሥርዓት የዚህ ቤተሰብ ነበር፦ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚጀምርና በአንድ ሰዓት የሚያበቃ ትምህርት።

በጎ ጎኑን መካድ አይገባም። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያልነበረው ትምህርት ቤት ተማሪ የሙከራውን ሂደት በዓይኑ አይቷል፤ የአዲስ አበባውና የገጠሩ ልጅም ቢያንስ አንድ ዓይነት ማብራሪያ ሰምተዋል። ነገር ግን እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥሁ ነኝና ጥያቄው በስክሪኑ ላይ ከወጣ በኋላ የነበረችውን አጭር ዝምታ አልረሳትም። እስክሪብቶ አንሥተን ቁጥሮቹን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣ ነበር። መምህራችን ከጎን ቆመው ሊያስረዱን ሲጀምሩ ድምፁ ይቀድማቸው ነበር፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የጠፋውን ትምህርት የሚመልስልን አልነበረም። ተማሪውን ለመጠበቅ ሲባል የተፈለሰፈው ስክሪን ተማሪውን ለማይጠብቅ ትምህርት ዋለ፤ እኔ ሥርዓቱን የምወቅሰው በዚህ ብቻ ነው፣ ይህ ግን ቀላል ወቀሳ አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ አባት፦

«የ8 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት ‹ኮዲንግ› እየተማርሁ ነው ይላል፤ የማየው ግን በስክሪን ላይ ድመት ሲያራምድ ነው። በዚህ ዕድሜ ሒሳቡንና ንባቡን ቢያጠናክር አይሻልም ወይ? ይህን ነገር ማን አመጣው? ልረዳው ብፈልግም እንግሊዝኛው ላይ እርሱ ይበልጠኛል።»

መልስ፦ ልጅዎ የሚያንቀሳቅሳት ድመት «ስክራች» የሚባለው ፕሮግራም ምልክት ናት። ስክራች በ2007 ይፋ የሆነ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በምንለው፣ በሚቸል ሬዝኒክ በሚመራ ቡድን የተሠራ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ አርባ ዓመት ይቀድማል፤ ወደ ሲይሙር ፓፐርትም ይወስደናል።

ፓፐርት በ1928 በፕሪቶሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ ተወለደ። የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ከሕፃናት አስተሳሰብ ተመራማሪው ከዣን ፒያዤ ጋር በጄኔቭ ከሠራ በኋላ ወደ ኤምአይቲ ሄደ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተርን ለትምህርት ማዋል ሲባል ብዙዎቹ የሚያስቡት እንደ ፕላቶ ያለውን፣ ወይም በስታንፎርድ ፓትሪክ ሰፒስ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዘጋጀውን የሒሳብ መለማመጃ ዓይነት ነበር። ሰፒስ በ1966 ሲጽፍ የመቄዶንያው ልዑል እስክንድር አርስጣጣሊስን በግል መምህርነት እንዳገኘ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ተማሪዎችም እንዲሁ ያለ የግል መምህር እንደሚያገኙ ተንብዮ ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ በቅን ልብ የቀረበም ነበር። ፓፐርት ግን ጥያቄውን ገለበጠው። በዚያ አሠራር ማሽኑ ልጁን ያዘዋል፤ እኔ የምፈልገው ልጁ ማሽኑን እንዲያዝ ነው አለ። በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር «ሎጎ» የተባለውን ለልጆች የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ አወጡ።

ሎጎ በይበልጥ የታወቀው በኤሊዋ ነው። ኤሊዋ መጀመሪያ ወለል ላይ የምትሄድ፣ ከሆዷ ሥር ብዕር ያለባት እውነተኛ ሮቦት ነበረች፤ በኋላ ወደ ስክሪን ገባች። ልጁ «ወደ ፊት 100፣ ወደ ቀኝ 90» ብሎ ያዛታል፤ ይህንኑ አራት ጊዜ ቢደግምላት አራት ማዕዘን ትሥላለች። ክብ እንድትሥል ለማዘዝ ሲፈልግ ግን ይቸገራል፤ ምክንያቱም ዙሪያ የሚባል ትእዛዝ አታውቅም። ያን ጊዜ መምህሩ መልሱን አይነግረውም፤ «ተነሥና አንተው በክብ ተራመድ፣ እግርህ ምን እንደሚያደርግ አስተውል» ይለዋል። ልጁ ይራመዳል፤ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ዞር፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ዞር እያለ መሆኑን ያስተውላል። አንድ ርምጃ ሄዶ አንድ ዲግሪ መዞርን 360 ጊዜ ሲደግመው ክቡ ይሞላል። እርስዎ «ሒሳቡን ቢያጠናክር» ያሉት ሒሳብ በዚህ ውስጥ አለ፤ ያውም ልጁ በገዛ አካሉ የተረዳው ሒሳብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ የትምህርት ባህል ቀይ የኤክስ ምልክት የጉዳዩ መጨረሻ ነው፤ ተማሪው ስህተቱን ያያል፣ ያፍራል፣ ገጹን ይገለብጣል። ኤሊዋ ወይም ድመቷ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ስትሄድ ግን ልጁ የትኛው መሥመር እንዳሳታት ፈልጎ ያስተካክላል እንጂ ማንም ዜሮ አይሰጠውም። ይህን ልማድ ከሒሳቡም አብልጬ አከብረዋለሁ።

እርግጥ ነው፣ በየክፍሉ የሚሆነው ሁሉ እንዲህ ያማረ አይደለም። መምህሩ የተዘጋጀ ትእዛዝ ሰጥቶ ልጆቹ እርሱኑ እየገለበጡ ድመት ካራመዱ ነገሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ግልበጣ ይመለሳል፤ የእርስዎም ጥርጣሬ ያን ጊዜ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ልጅዎን «ዛሬ ምን ተማርህ?» ከማለት ይልቅ «ድመቷ እንቢ ያለችህ የት ላይ ነው? እንዴትስ አስተካከልህ?» ብለው ይጠይቁት። የሚነግርዎት ታሪክ ካለው እየተማረ ነው።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ መልካም ዜና አለዎት። የግዕዝ ፊደል በ1999 ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ቦታውን ካገኘ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በአማርኛ ማቅረብ ቀሏል፤ ስክራችም የአማርኛ ትርጉም አለው። በፕሮግራሙ የቋንቋ ምርጫ ውስጥ ገብተው «አማርኛ» የሚለውን ይምረጡ፤ ትእዛዞቹ በፊደላችን ይመጣሉ። ከዚያ ልጅዎ ስለ ፕሮግራሙ፣ እርስዎ ስለ ንባቡ እየተረዳዳችሁ ብትቀመጡ፣ ቅድም የጠቀሱት የንባብ ሥጋትም በአንድ በኩል መልስ ያገኛል።

ከሐዋሳ፣ የወተመህ አባል፦

«የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን ለትምህርት ቤታችን 20 ኮምፒውተር የሚገዛ ገንዘብ አሰባስቧል። ከፊሎቻችን ገንዘቡ ለአነስተኛ ታብሌቶች ውሎ ለብዙ ልጆች ይዳረስ እንላለን፤ ከፊሎቻችን አንድ ክፍል እናደራጅ እንላለን። ሌሎች አገሮች ከዚህ በፊት ምን ገጠማቸው?»

መልስ፦ ሁለቱንም መንገድ የሞከሩ አገሮች አሉ። አንድ ክፍል ማደራጀትን የመረጠችው ብሪታንያ ናት። የአገሪቱ የብሮድካስት ድርጅት ቢቢሲ በ1980ዎቹ መግቢያ ሕዝቡን ኮምፒውተር ለማስተማር ሲነሣ በኬምብሪጅ ከሚገኘው ኤኮርን ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በ1981 «ቢቢሲ ማይክሮ» የተባለውን ኮምፒውተር አወጣ። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የግዢውን ግማሽ ይከፍል ነበር። ማሽኑ ብቻውን አልተላከም፤ በ1982 ጥር የጀመረ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ የማስተማሪያ መጽሐፍና ጥሩ መመሪያ አብሮት ሄደ። ማሽኑ ሲበራ ከስሙ ሥር የምትታየው አንዲት የጥቅስ ምልክት የመሰለች ቀስት (>) ነበረች፤ ተጠቃሚው ትእዛዝ እስኪጽፍ ትጠብቃለች። ልጆች ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ማዘዝን ተማሩ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ። ከዚሁ ኩባንያ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር በ1985 የሠሩት «አርም» የተባለ የፕሮሰሰር ንድፍ ዘሮቹ ዛሬ እርስዎ በኪስዎ የያዙት ስልክ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም።

ያችው ብሪታንያ ግን በኋላ ተዘናጋች። ትምህርቱ ቀስ በቀስ ደብዳቤ መጻፊያና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራሞችን ወደ ማለማመድ ወረደ፤ በ2012 የአገሪቱ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ይህንኑ የሚነቅፍ ዘገባ አወጣ፤ ከ2014 ጀምሮም እንግሊዝ ከ5 ዓመት ዕድሜ የሚጀምር አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓተ ትምህርት አስገባች። ይህን የማነሣው በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ዛሬም ያለው ብሪታንያ ትታው በሄደችው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማሽን ማደል ነው። የኤምአይቲው ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ድርጅቱ በኩል የ100 ዶላር ላፕቶፕ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ሲመረት ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ትልቋ ገዢ ፔሩ ነበረች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የፔሩ ገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያካሄዱት ጥናት በ2012 ሲወጣ ልጆቹ ኮምፒውተር በብዛት ማግኘታቸውን፣ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ለውጥ አለመታየቱን አሳየ። በአገራችንም ከእነዚሁ ላፕቶፖች የግዕዝ ፊደል በቁልፍ ሰሌዳቸው የታተመባቸው ጥቂት ሺዎች ገብተው ነበር፤ በ2012 ደግሞ የኔግሮፖንቴ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ሙከራ አድርጓል። ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በጥቂት ወራት የተዘጋውን የካሜራ አገልግሎት እስከ መክፈት ደርሰዋል ሲል ተናግሯል። የልጆቹን ብልህነት አልጠራጠርም። ማንበብን የሚያስተምር ሰው አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ግን ደጋግሜ አስባለሁ።

ለኅብረታችሁ የምመክረው እንግዲህ ይህን ነው። ታብሌቱን ተዉት፤ በትንሽ ስክሪን መመልከት እንጂ መሥራት አይመችም። 20 ኮምፒውተር የሚገዛውን ገንዘብ 20 ኮምፒውተር አትግዙበት። 12 ወይም 13 በቂ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ልጆች ይነጋገራሉ፣ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳዋል። ከሚተርፈው ገንዘብ ለኃይል መቆራረጡ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ፣ ለመለዋወጫ ማውዝና ቁልፍ ሰሌዳ መድቡ፤ ከዚያ የቀረውን ቢያንስ ለሁለት መምህራን ሥልጠና አውሉት። ሁለት ያልሁበት ምክንያት አንዱ ቢዛወር ሥራው አብሮት እንዳይሄድ ነው፤ ከሁለቱም አንዱ የአይሲቲ ሳይሆን የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር ቢሆን እመርጣለሁ። የኢንተርኔቱ ነገር አያስጨንቃችሁ፤ ስክራችም ሆነ ዊኪፔዲያ አንዴ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላሉ።

የቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ዕቃው እንዳይጠፋ በሚል ሥጋት ተቆልፎ፣ ፕላስቲኩ ሳይነሣለት ያረጀ የኮምፒውተር ክፍል አይቻለሁ፤ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አንድ ማውዝ ቢጠፋ ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ የፈሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ከመገዛታቸው በፊት ኅብረቱ በቃለ ጉባኤ ሁለት ነገር ይወስን፦ በአገልግሎት ላይ ለሚሰበር ዕቃ ኃላፊው በግል እንደማይጠየቁ፣ እንዲሁም ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሳምንት ስንት ቀን፣ በማን ተራ ክፍት እንደሚሆን። የተረኞቹ ስም ዝርዝርም በበሩ ላይ ይለጠፍ።